ቴፑ ከመጣሉ በፊት ቅጂው ይፈተሽ

የድሮ ካሴት፣ የሪል ቴፕና የቪዲዮ ክምችት ለያዛችሁ የመንግሥትና የግል ተቋማት ኃላፊዎች በሙሉ
ባላችሁበት

ክቡራንና ክቡራት፣

ከመካከላችሁ አንዱ ተቋም በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተቀረጹ ካሴቶቹንና የቪዲዮ ቴፖቹን «ወደ ኮምፒውተር ስለተገለበጡ» ከመጋዘን ለማስወገድ መወሰኑን ሰምተናል። ከተገለበጡት ፋይሎች ናሙና ደርሶን ድምፁን አዳምጠናል፣ ምስሉንም ተመልክተናል። የተቋሙን ስም አንጠራም። በናሙናው ያገኘናቸውን ስሕተቶች ከሌሎች ስብስቦችም ስለምናውቃቸው ደብዳቤው ለሁላችሁም ነው። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ካላልን በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

እኛ የቴፕ መሣሪያ ጠጋኞች፣ የድምፅ ቀረጻ ባለሙያዎችና የካሴት ሰብሳቢዎች ነን። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ የተገለበጠው ቅጂ በባለሙያ ተፈትሾ ትክክለኛነቱ ሳይረጋገጥ አንድም ቴፕ እንዳይጣል።

በመጀመሪያ መደርደሪያው ላይ ያለው ምን እንደሆነ እንግለጽ። በ1970ዎቹ ሸክላ ቀርቶ ካሴት ሲተካ፣ የከተማው ሙዚቃ ለሕዝብ የሚደርሰው በየሙዚቃ ቤቱ በኩል ሆነ። የጥላሁን ገሠሠ፣ የማህሙድ አህመድ፣ የብዙነሽ በቀለ፣ የሙሉቀን መለሰ፣ የአስቴር አወቀ፣ የኤፍሬም ታምሩ፣ የነዋይ ደበበ፣ የቴዎድሮስ ታደሰ፣ የሐመልማል አባተና የኩኩ ሰብስቤ ሥራዎች በየቤቱ የገቡት በካሴት ነው። ሮሃ፣ ዋሊያስ፣ ዳህላክና ኢትዮ ስታርስ የዘመኑን ድምፅ የሠሩ ባንዶች ናቸው። የሰዓት እላፊው ዘመን ጨፋሪ ሆቴል ገብቶ፣ በሩ ተዘግቶበት፣ እስኪነጋ የሰማው ይህንኑ ሙዚቃ ነበር። በ1957 በጥቁርና ነጭ የተጀመረው የቴሌቪዥን ስርጭት በ1977 ወደ መደበኛ የቀለም ስርጭት ሲሻገር ደግሞ ያ ድምፅ መልክ አገኘ። የባንዶቹ አለባበስ፣ የተወዛዋዦቹ ትከሻ፣ የበዓል ዋዜማ ዝግጅቶች፣ ተስፋዬ ሣህሉ (አባባ ተስፋዬ) ለ42 ዓመታት ለልጆች ተረት ያወሩበት ሰዓት፣ ይህ ሁሉ ያለው በቴፕ ላይ ነው።

ዛሬ በየስልኩ የሚዘዋወረው የዚያ ዘመን ትዝታ የቅጂ ቅጂ ነው። ወጣቱ ሲሰማው የታፈነ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ከርቀት የሚመጣ ድምፅ ነው፤ «ድሮ እንዲህ ነበር» ብሎ ይቀበለዋል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጥሩው ድምፅ ካሴቱ ላይ አሁንም አለ። በትክክል ያወጣው ሰው ነው የጠፋው።

ዋናው ቅሬታችን ስለ ፍጥነት ነው። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት። የማባዣው ማሽን ቀበቶው ላልቶ ወይም ጎማው አልቆ ዝግ ብሎ ሲቀርጽ ከቆየ፣ ያ ካሴት በትክክለኛ ማጫወቻ ላይ ሲገባ ፈጥኖ ይጫወታል። ስድስት በመቶ ገደማ ከፈጠነ ዘፈኑ ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። ሁሉም ኖታ እኩል አብሮ ስለሚወጣ ቅኝቱ አይለወጥም፤ ትዝታው ትዝታ፣ ባቲውም ባቲ ሆኖ ይቀጥላልና ጆሮ ቶሎ አይነቃም። የሚለወጠው ሰውየው ነው። የጎለመሰው ድምፅ የጎረምሳ ይሆናል፣ ሳክስፎኑ ይቀጥናል፣ ከበሮው ይቸኩላል። ከናሙናው ዘፈኖች መካከል ሦስት በመቶና ከዚያ በላይ የፈጠኑ አግኝተናል። ከእነዚህ ፋይሎች የሚማር ወጣት ኪቦርዱ ላይ ጣቱን የሚያሳርፈው ድምፃዊው ባልዘፈነበት ቦታ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ዙር ነው፤ በቀረጻ ጊዜ ማጉያውና ኬብሉ ትንሽ እምምታውን ወደ ቴፑ ያስገባሉ። በሁለት ዘፈን መካከል ያለውን ጸጥታ በነጻ በሚገኝ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ክፈቱና የድግግሞሽ ሥዕሉን ተመልከቱ። መስመሩ 50 ላይ ከሆነ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ 51.5 ላይ ከሆነ ቴፑ ሦስት በመቶ ፈጥኗል። 50 ላይ ጎልቶ ካልታየ 100ና 150 ላይ ፈልጉት። ሁለት ጥንቃቄ አለ። የራሳችሁ ማጫወቻም እምምታ ስለሚያወጣ ቴፑን አቁማችሁ የቀረውን ለዩት፤ ሲቆም የማይጠፋው የማጫወቻው ነው። በጄኔሬተር የተቀረጸ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ስለሚዋዥቅ አይታመንም፤ ያኔ የኪቦርዱን ወይም የኦርጋኑን ድምፅ የሙዚቃ መሣሪያ ከሚቃኝበት የ440 ሄርትዝ መለኪያ ድምፅ ጋር ማነጻጸር ይሻላል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ማጫወቻው ራሱ 3,000 ወይም 3,150 ሄርትዝ በተቀረጸበት መፈተሻ ካሴት መስተካከል አለበት። በናሙናው ውስጥ ይህ እንደተደረገ የሚያሳይ አንድም ማስታወሻ አላገኘንም።

ሁለተኛው የሄድ፣ ማለትም ቴፑን የሚያነበው የማሽኑ ክፍል፣ አቀማመጥ ነው። የካሴት ቴፕ ስፋቱ 3.81 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ሁለቱም ገጽታ፣ ግራና ቀኙ ተከፋፍሎ ተቀርጿል። የማጫወቻው ሄድ ቴፑ ከተቀረጸበት ሄድ ጋር በጥቂቱ እንኳ ካልተመሳሰለ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋል፤ ጸናጽሉ፣ የጊታሩ ክር ጫፍ፣ የድምፃዊቷ «ሰ»ና «ሸ» ይደፈናል። መፍትሔው በሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ቪቴ ቴፑ እየሄደ በቀጭን ካቻቪቴ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀላቅሎ እያዳመጡ፣ ጸናጽሉ ከሁሉ ይበልጥ በሚጠራበት ቦታ ማቆም ነው። ለእያንዳንዱ ካሴት፣ አንዳንዴም ለእያንዳንዱ ገጽታ፣ እንደገና መደረግ አለበት፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሙዚቃ ቤት የራሱ ማባዣ ነበረው። በናሙናው ላይ ይህ አልተደረገም። ይባስ ብሎ የደፈነው ድምፅ ላይ የሹክሹክታ (የቴፑ «ሽሽሽ» ድምፅ) ማጥፊያ ፕሮግራም ተጭኖበታል። ፕሮግራሙ የቴፑን ሹክሹክታ ሲያጠፋ የሳክስፎኑን ትንፋሽና የክራሩን ንዝረት አብሮ ወስዶታል። እንዲህ ያለው ጽዳት ለማሰራጫ በሚሆን ሌላ ቅጂ ላይ ይደረግ፤ የሚቀመጠው ፋይል ከነሹክሹክታው ይቅር። ዶልቢ የተባለው ሹክሹክታ መቀነሻ ሳይበራ የተቀረጸን ካሴት ዶልቢ አብርቶ ማጫወትም ያንኑ ጉዳት ያደርሳል፤ በሽፋኑ ላይ ምልክቱ ከሌለ ጠፍቶ ይሞከር።

ስለ ካሴቱ አካል በአጭሩ እንበል። «አይሠራም» ተብለው ወደ ጎን ከተደረጉት ካሴቶች ብዙዎቹ የሚጎድላቸው ቴፑን ወደ ሄዱ የምትገፋዋ ትንሽ ስፖንጅ ናት፤ ሙጫዋ ደርቆ ትወድቃለች፣ ድምፁም ይርቃል። ከሌላ ካሴት አውጥቶ መተካት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ቀፎው በቪቴ የታሰረ ከሆነ ይፈታል፣ የተበየደ ከሆነ በስለት ተከፍቶ ጥቅሉ ወደ አዲስ ቀፎ ይዛወራል፤ የድሮው ቀፎ ግን ጽሑፉ ስላለበት አይጣል። ሄድ የሚጸዳው በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ሽቶና ኮሎኝ ቅባት ስላለባቸው ሄዱ ላይ ይቀራሉ። የላስቲኩ ጎማ ደግሞ በአልኮል ብዛት ስለሚደርቅ በለብ ያለ ውኃና በትንሽ ሳሙና ይበቃዋል። ክረምቱን ምድር ቤት ውስጥ ያሳለፈ ክምችት ሻጋታ አያጣውም፤ ነጭ ብናኝ የታየበት ካሴት ጥሩ ማጫወቻ ውስጥ ከገባ ቀጥሎ የሚገቡትን ሁሉ ይበክላል። ለብቻው ይቀመጥ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ይጸዳ። የሪል ቴፕን በተመለከተ፣ የሚጣበቀውን ሁሉ ማሞቅ መድኃኒት ነው የሚለው ወሬ አደገኛ ነው። ማሞቅ የሚረዳው ማጣበቂያው እርጥበት ስቦ ለተበላሸ የፖሊስተር ቴፕ ነው፤ እሱም ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀቱ በማይዋዥቅ መሣሪያ ለብዙ ሰዓታት እንጂ በወጥ ቤት ምድጃ አይደለም። ጥቅሉን ወደ ብርሃን አንሡት፤ ብርሃን ካሳለፈ አሲቴት የተባለው ሌላ ዓይነት ቴፕ ነውና ፈጽሞ አይሞቅ።

ወደ ቴሌቪዥኑ እንምጣ። የዚያ ዘመን ስርጭት ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ነው፤ 625 መስመር፣ በሴኮንድ 25 ምስል፣ እያንዳንዱም ምስል በሁለት ግማሽ ተከፍሎ የሚሳል። ስለዚህ ዐይን በሴኮንድ 50 ጊዜ እንቅስቃሴ ያያል። በናሙናው ውስጥ አንዱ ግማሽ ተጥሎ 25 ብቻ ቀርቷል። ዜና አንባቢ ላይ ይህ አይታወቅም። እስክስታ ላይ ግን ትከሻው ሲርገፈገፍ መሀሉ ይጠፋና ውዝዋዜው የተቆራረጠ ይመስላል። በዚያ ፍጥነት የሚሠራ ትከሻ ያን ጊዜ በትክክል ተቀርጾ ሳለ፣ እኛ ዛሬ ግማሹን ጥለን ልናስቀምጠው አይገባም።

ሌላው የምስሉ ቅርጽ ነው። የድሮው ምስል ስፋቱ 4፣ ቁመቱ 3 ነው። በዛሬው ሰፊ ስክሪን ልክ እንዲሆን ከላይና ከታች ሲቆረጥ ከቁመቱ ሩብ ያህሉ ይሄዳል። የሚሄደውም ጭንቅላትና እግር ብቻ አይደለም። የድምፃዊው፣ የግጥምና የዜማ ደራሲው፣ የባንዱ ስም የሚጻፈው ከታች ነው፤ በናሙናው አራት ዝግጅቶች ላይ የስሙ ፊደል ወገቡ ላይ ተቆርጦ አይተናል። ጎትቶ ማስፋትም ሰውን ሁሉ ያወፍራል። ምስሉ በቅርጹ፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀመጥ። ቴፑ ከማሽኑ ወጥቶ ወደ ኮምፒውተር ከመግባቱ በፊት ደግሞ የምስሉን መስመሮች ጊዜ በሚያስተካክል መሣሪያ ይለፍ፤ አለዚያ ከላይ በኩል ምስሉ ይታጠፋል፣ ድምፁም ከከንፈር ይለያል።

ነገሩ ለምን እንደሚያስቸኩለንም እንግለጽ። ቴፑ ገና ጊዜ ሊኖረው ይችላል፤ ማሽኑ ግን የለውም። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይጠቀሙባቸው የነበሩት የዩማቲክና የቤታካም ቪዲዮ ቴፕ መሣሪያዎች መመረት አቁመዋል። የቪኤችኤስ ማጫወቻ የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 አቁሟል። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት ገና እ.ኤ.አ. በ2015፣ እስከ 2025 በቴፕ ላይ ያልተገለበጠ ነገር በአብዛኛው ይጠፋል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2019 ተመሳሳይ ጥሪ አቅርቧል። ያ ቀነ ገደብ ደርሷል። በእጃችሁ ያሉት ማጫወቻዎች ከቴፑ እኩል ሊጠበቁ ይገባል። አንድ ማሽን «ተበላሸ» ተብሎ ለቁራሌ ከመሸጡ በፊት ሄዱ፣ ጎማውና ሞተሩ ለሌላው መለዋወጫ እንዲሆን ይፈታ።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነን ግን የስም ጉዳይ ነው። በናሙናው ዝርዝር ውስጥ «ያልታወቀ ድምፃዊ» የሚለው ሐረግ ተደጋግሞ ይታያል፤ የካሴቱ ሽፋን ላይ ግን ስሙ በግልጽ ተጽፏል። ሽፋኑ አልተነሣም፣ አልተነበበም። የዚያ ዘመን የካሴት ሽፋን ስለ ዘፈኑ ያለው ብቸኛ ሰነድ ሊሆን ይችላል። ግጥሙ የይልማ ገብረአብ ወይም የዓለምጸሐይ ወዳጆ፣ ዜማው የአበበ መለሰ መሆኑን፣ ማን እንዳቀናበረው፣ የትኛው ባንድ እንዳጀበ የምናውቀው ከዚያች ወረቀት ነው። ፊቷም ጀርባዋም በ600 ዲፒአይ ይነሣ፣ የካሴቱ ሁለቱ ገጽታዎችም እንዲሁ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈው ሁሉ ሳይቀር።

ዝርዝሩ የተሠራበት አሠራርም ለስማችን አይሆንም። ፕሮግራሙ «የቤተሰብ ስም» ስለሚጠይቅ የአባት ስም ቀድሞ ገብቷል። በዚህ አሠራር ብዙነሽና ሂሩት ሁለቱም «በቀለ» ሥር ተደርድረው፣ የአንዷ ዘፈን በሌላዋ ስም ተመዝግቧል። ሁለቱ እኅትማማቾች አይደሉም፤ ድምፃቸውንም አንድ ጊዜ የሰማ አያምታታውም። የራስ ስም ይቅደም፣ ከነአባት ስሙ ሳይቆረጥ ይጻፍ። ፊደሉም ችግር አለው። ዓለምጸሐይን አንዱ በጸሎቱ «ጸ»፣ ሌላው በፀሐዩ «ፀ»፣ ሦስተኛው በ«ሀ» ሲጽፋት ፍለጋው ሦስት ሰው ያደርጋታል። አንድ ቋሚ አጻጻፍ ተመርጦ ሌሎቹ እንደ አማራጭ ይመዝገቡ።

ዓመቱ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ካሴቱ ላይ «85» ብቻ ተጽፎ ይገኛል። በእኛ 1985 ነው ወይስ በፈረንጆቹ? በመካከሉ ያለው ልዩነት ሰባት ስምንት ዓመት ነው፤ አንዱ በደርግ ዘመን፣ ሌላው ደርግ ከወደቀ በኋላ። በናሙናው ሁሉም ያለ ጥያቄ እንደ ፈረንጅ ተወስዷል። ከባንዱ አባላት፣ ከሙዚቃ ቤቱ ማኅተም፣ ከካሴቱ ዓይነት ማረጋገጥ ይቻላል፤ ማረጋገጥ ካልተቻለ ሁለቱም ግምት ይጻፍ። ዛሬ በሕይወት ያሉ አቀናባሪዎችና ተጫዋቾች በአንድ ቀን ተቀምጠው ስንትና ስንቱን «ያልታወቀ» በስሙ ሊጠሩት ይችላሉ። ይህ በጊዜ የተገደበ ዕድል ነው፤ የሚያውቁት ሰዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።

በውጭ አገር ላላችሁ ወገኖችም አንድ ቃል አለን። በ1980ዎቹ ከአዲስ አበባ ከቴሌቪዥን ተቀርጾ ለዘመድ የተላከ ቪኤችኤስ ካሴት ዛሬ በቤታችሁ ካለ፣ የዝግጅቱ ብቸኛ ቅጂ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ካሴቱ ፓል ነው፣ የአገሩ ማጫወቻ ደግሞ ኤንቲኤስሲ የተባለው ሌላ ሥርዓት ነው። ስታስገቡት ምስሉ ቢንከባለል ወይም ቀለም ቢያጣ ቴፑ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ፓል የሚያነብ ማጫወቻ ፈልጉ። እስራኤል፣ አብዛኞቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮችና አብዛኛው ምዕራብ አውሮፓ ፓል ስለነበሩ እዚያ ማግኘቱ ይቀላል።

«አቅም የለንም» የሚል መልስ እንደሚሰጠን ስለምናውቅ ሒሳቡን እናስቀምጥ። ድምፅ በ96 ኪሎ ኸርትዝና በ24 ቢት ሳይታመቅ ሲቀመጥ የአንድ ሰዓት ካሴት ሁለት ጊጋባይት ያህል ነው፤ አንድ ሺህ ካሴት በአንድ ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ተቀምጦ ቦታ ይተርፋል። ናሙናው በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 የተቀመጠው በቦታ እጥረት ከሆነ ምክንያቱ አሳማኝ አይደለም። ቪዲዮ ይከብዳል። ጥራቱን በማያጎድል ኤፍኤፍቪ1 በተባለው የማመቂያ ዘዴ አንድ ሰዓት ከ30 እስከ 40 ጊጋባይት ይወስዳል፤ አንድ ሺህ ሰዓት ኤልቲኦ በተባለ የኮምፒውተር መረጃ ማስቀመጫ ቴፕ በአራት ባለ 12 ቴራባይት ካርትሪጅ ይገባል። ጊዜውን በተመለከተ፣ ቴፕ በራሱ ፍጥነት ካልሆነ አይገለበጥም። ማጽዳቱና ማስተካከሉ ተጨምሮ አንድ ሰው በአንድ ማጫወቻ በቀን አራት አምስት ካሴት በትክክል ይሠራል። መብራት በመሀል ሲቋረጥ ቴፕ ማሽን ውስጥ ተይዞ ስለሚቀደድ የመጠባበቂያ ባትሪ ከኮምፒውተሩ ጋር ማጫወቻውንም ይያዝ።

ስለ መብት የሚነሣ ሥጋት ካለ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ለጥበቃ ሲሉ፣ ለትርፍ ሳይሆን፣ ቅጂ እንዲይዙ መንገድ ይሰጣል። ለሕዝብ መልቀቅ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የባለ መብቶቹን ፈቃድና ክፍያ ይጠይቃል። ሁለቱ ተምታተው መገልበጡም እንዳይቆም፣ ያለ ፈቃድ መልቀቁም እንዳይቀጥል እንሻለን።

ስለዚህ በአክብሮት የምንጠይቀው፦

የማስወገዱ ውሳኔ በአስቸኳይ ይታገድ። ወደ ቆሻሻ ወይም ወደ ጨረታ ክፍል የተወሰዱ ሣጥኖች ካሉ ወደ መጋዘን ይመለሱ፣ ካሴቶቹም እንዲጋደሙ ሳይሆን እንዲቆሙ ይደርደሩ።

እስካሁን ከተገለበጠው ከእያንዳንዱ መቶ ፋይል አሥሩ ከዋናው ቴፕ ጋር በባለሙያ ይነጻጸር፤ ፍጥነቱ፣ የሄዱ አቀማመጥና ስሙ ይታይ። ከአሥሩ ሁለቱ ስሕተት ከተገኘባቸው መቶው በሙሉ እንደገና ይገልበጥ።

ከእያንዳንዱ ፋይል ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ከአዲስ አበባ ውጭ። ፋይሉ ሳይበላሽ መቆየቱን የሚያሳየው የአሻራ ቁጥርም በየዓመቱ ይፈተሽ።

ስሞቹን ለማረም የዘመኑ ሙዚቀኞች፣ አቀናባሪዎችና የቴሌቪዥን ባለሙያዎች የሚጠሩበት ቋሚ ቀን ይወሰን፤ ለሰጡት ጊዜም ይከፈላቸው።

ለዚህ ሥራ ከመካከላችን የማጫወቻ ጥገናና የማስተካከል ሥራ የሚችሉ ሰዎች ዝግጁ ናቸው፤ መፈተሻ ካሴትና ለመለዋወጫ የሚሆኑ ያገለገሉ መሣሪያዎችም አሉን። መቼና የት እንምጣ የሚለውን መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቴፕና የቪዲዮ መሣሪያ ጠጋኞች፣
የድምፅ ቀረጻ ባለሙያዎች፣
የካሴትና የሸክላ ሰብሳቢዎች
አዲስ አበባ